ለወርቅ ካርዱ የተጠየቅሁት ምስክርነት

ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጂንካ

ለተከበሩ ወይዘሮ ያለምወርቅ
የብርሃነ ኦሞ ሆቴል ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ «የወርቅ እንግዳ ካርድ ለተመላላሽ መንገደኛ ይጠቅማል ወይ» ተብዬ ለተጠየቅሁት መልስ ስለ መስጠት

የተከበሩ እትዬ ያለምወርቅ፣ እንደምን ሰነበቱ። ልጆችዎ፣ የጅምላ መደብርዎ፣ ሁለቱ አይሱዙዎችዎ ደህና ናቸው ወይ። ጄኔሬተሩስ፣ ያ ነዳጅ የሚያንጠባጥበው ጎኑ ተሻለው ወይ። ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር ውኃ ይይዛል ወይ። ይህን ሁሉ የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ የሆቴልዎን ጤና ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ጂንካ ውስጥ የለምና። ጌታ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ በርዎም እንግዳ አይጣ። እኔ አለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እርስዎ ራስዎ ስለጠየቁኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። «ውድ የወርቅ እንግዳችን ባሮክ ዳርጌ፣ ሆቴላችን አምስተኛ ዓመቱን ስለሚያከብር ካርዱ እንዴት እንደጠቀመዎ ምስክርነትዎን ይጻፉልን፤ ግድግዳችን ላይ እንሰቅለዋለን» ይላል። ትልቅ ክብር ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ፊደሉን ከሞተር መመሪያ ላይ እየለቀምኩ ያጠናሁ ሰው ነኝ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ጻፍ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችም፣ መድኃኒት የሚያከፋፍሉት ልጆችም፣ ከአርባ ምንጭ ጨርቅ የሚያመጡት ነጋዴዎችም ባገኙኝ ቁጥር «ባሮክ፣ ያ ካርድ ያዋጣል ወይ?» ይሉኛል። ለእነሱም ለእርስዎም አንዴ ልመልስና ልገላገል። ግድግዳዎ ቦታ ካጣ መናኸሪያው በር ላይ እለጥፈዋለሁ፣ በዚህ አይጨነቁ።

ለማያውቀኝ ሰው፣ ሥራዬ የናፍጣ ወፍጮና የውኃ ፓምፕ መጠገን ነው። ቤቴ ሳውላ ነው። የወሩን ግማሽ ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ፣ ከአልዱባ እስከ ዱስ ስዞር ነው የማሳልፈው። አንድ መንደር ወፍጮው ቆመ ማለት ሴቶቹ በማግስቱ ማሽላውን በድንጋይ ይፈጫሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ ስጠራ አልዘገይም። እንዲህ የሚኖር ሰው ትልቁ ጥያቄው ዛሬ የት አድራለሁ የሚለው ነው። እርስዎም ይህን ያውቃሉ፤ ካርዱን ያሠሩት ለዚሁ ነውና። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ተሻሻለው ክፍል አመሰግናለሁ። በካርዱ ጀርባ ላይ «የወርቅ እንግዳ ያለ ጭማሪ ወደ ተሻለ ክፍል ይዛወራል» የሚል አለ። በዓመት ውስጥ አርባ ሌሊት ሞልቼ ካርዱን በተቀበልኩ ቀን ከዘጠኝ ቁጥር ወደ አሥራ አራት ቁጥር ተዛወርኩ። አሥራ አራት ቁጥር ሰፊ ነው፣ መጋረጃው ያብለጨልጫል፣ መስኮቱ ደግሞ የሚከፈተው በቀጥታ ጄኔሬተሩ ላይ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር አልጋዬ ከጄኔሬተሩ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ አጋጣሚ መስሎኝ ነበር። በኋላ ጄኔሬተሩ ማስነጠስ ሲጀምር የእኔ በር እየተንኳኳ «ጋሼ ባሮክ፣ እስቲ አንዴ ይዩልን፣ እርስዎ እኮ የቤት ሰው ነዎት» ስባል ገባኝ። በሌላው ዓለም በሽተኛውን ነው ወደ ሐኪሙ የሚወስዱት። እርስዎ ሐኪሙን በሽተኛው ራስጌ አስተኙት። እንዲህ አርቆ ለሚያስብ ጭንቅላት ባርኔጣ ቢኖረኝ አወልቅ ነበር።

2ኛ. ክፍሌን እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት አለመልቀቅ እችላለሁ። የአልዱባ መኪና ግን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። በአራት ዓመት ውስጥ ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሌ የተገኘሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ወባ ጥሎኝ። ያን ቀን መብቴን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ እየተንቀጠቀጥኩ ተጠቅሜበታለሁ።

3ኛ. የእንኳን ደህና መጡ ጁስ አለ። ማንጎ በየአጥሩ ሥር ረግፎ ፍየል በሚንቀው አገር፣ ከአዲስ አበባ በካርቶን ታሽጎ የመጣ የማንጎ ጁስ ይቀርብልኛል። ስለ ጁሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

4ኛ. እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ይታገሱኝ። እስካሁን ካርዱ የሰጠኝን ነው የቆጠርኩት። የወሰደብኝንም ልመስክር።

ካርድዎ ከመምጣቱ በፊት አልዱባ ገበያ በሚቆምበት ማክሰኞ የማድረው ሶርሳ ቤት ነበር። ሶርሳ የበና ሰው ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሰፈሩን ወፍጮ ጠግኜ ስጨርስ አንድ ፍየል ሰጠኝ፣ እኔም አዲስ መጥረቢያ ሰጠሁት። ለእኔ ስጦታ ነበር፣ ለእሱ ግን ውል ነው። እንዲህ ተሰጣጥተው የተዋዋሉ ሰዎችን በእነሱ አፍ «ቤል» ይሏቸዋል። የአንዱ ቤት የሌላው ቤት ይሆናል፤ ያንተ ቤል ሌላ ቤል ካለው ደግሞ እሱም ላንተ በሩን አይዘጋም። ቤል የሆነ ሰው ደጅ ሲደርስ የት ታድራለህ ተብሎ አይጠየቅም። መጠየቁ ራሱ ስድብ ነው። ቁርበቱ ተነጥፎ ይጠብቀዋል። እኔ ጨውና ምላጭ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሚስቱ ቦሼ የፈላ የቡና ገለባ በቅል ቀድታ ታቀርባለች፣ ሶርሳ እስክተኛ ድረስ የወፍጮውን ነገር ይጠይቀኛል። ወፍጮው እንደ ሰው ስም አለው፣ አልነግርዎትም።

ከዚያ ካርዱ መጣ። ካርዱ ደግሞ ሕግ አለው፤ በየዓመቱ አርባ ሌሊት ያልሞላ ሰው ከወርቅ ወደ ብር ይወርዳል። እኔ ከወርቅ መውረድ ፈራሁ። ወርቅ አይቼ የማላውቅ ሰው ከወርቅ መውረድ ምን እንደሚያስፈራኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማክሰኞ ማክሰኞ ሥራዬን አልዱባ ላይ እጨርስና ሌሊቷ እንድትቆጠርልኝ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ አቧራ እየቃምኩ ወደ አሥራ አራት ቁጥር እመጣለሁ። ሶርሳ ቁርበቱን አንጥፎ ይጠብቃል። ቦሼ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ለስምንት ማክሰኞ አንጥፎ በማግስቱ ራሱ ጠቅልሎታል።

አንድ ቀን ገበያ መሃል ይዞ ለምን እንደቀረሁ ጠየቀኝ። ኪሴ ገብቼ ካርዱን አሳየሁት። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር በጣቱ ነው የዳሰሰው፣ ጎበጥ ጎበጥ ያሉትን ፊደሎች እያሻሸ። ይህን ማን ሰጠህ አለኝ። ሆቴሉ አልኩት። ጀርባው ምን ይላል አለኝ። አነበብኩለት፤ እርስዎ ያስጻፉትን ነው ያነበብኩለት፣ «ወዳጅዎን ይዘው ይምጡ፤ የወርቅ እንግዳ ወዳጅ የእኛም ወዳጅ ነው» የሚለውን። የሶርሳ ፊት በራ። ለካ የከተማ ሰውም ይህን ያውቃል አለ። ቅሬታው ሁሉ ወጣለት። ባሮክ እኔን ጥሎ አይደለም የሄደው፣ ሌላ ቤል ይዞ ነው፤ የሱ ቤል ደግሞ የእኔም ነው ብሎ ደመደመ። አይደለም ማለት ነበረብኝ። ለማስረዳት ሰነፍኩ። መኪናውም ጡሩምባ እያሰማ ነበር። «አዎ፣ እንደዚያ ነው» ብዬ ተሳፈርኩ።

5ኛ. ወደ ኅዳር ልምጣ። እርስዎም ቀኑን ያስታውሱታል ብዬ እገምታለሁ፣ ቢያንስ ማሩን ያስታውሱታል።

የሶርሳ ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙንም ሞራ እየጋረደው ነበር። የዓይን ሐኪሞች ለሦስት ቀን ጂንካ ሊመጡ ነው ተባለ። ሕክምናው በነፃ ነው፤ ታካሚው ግን ዋዜማውን ከተማ ገብቶ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሰለፍ፣ ከተሠራለት በኋላም ሁለት ሌሊት ከአቧራና ከጭስ ርቆ መተኛት አለበት። ሶርሳ ከተማ ማደር የማይወድ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ስለምነው እንቢ ብሎኛል። በዚያን ጊዜ ግን ሳልለምነው ራሱ ተነሣ። የቤልህ ቤት ካለ ምን እፈራለሁ አለኝ።

ባዶ እጁን አልመጣም። ሰው አዲስ ቤል ቤት ባዶ እጁን አይሄድም። በቦሼ ትልቅ ቅል ሙሉ ማር ይዞ መጣ። ጂንካ ስንደርስ ነሪ ወንዝ ወርዶ ራሱ ላይ የነበረውን ቀይ አፈርና ቅቤ አጠበ። ለሐኪሙ ብዬ እኔ አይደለሁም ያዘዝኩት፤ ለእርስዎ ቤት ብሎ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያላወለቀውን ነገር አውልቆ፣ ጎኑ ላይ በርኮታውን፣ ያቺን መቀመጫም ትራስም የምትሆነውን እንጨት፣ አንጠልጥሎ፣ አሥር ሰዓት ላይ በበርዎ ገባን።

ሪሴፕሽኑ ጀርባ ያ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፣ ላባ የሰካው የበና ሰውዬ። ሶርሳ አፍንጫው እስኪነካው ተጠግቶ አየውና ደስ አለው። የማን ልጅ ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የሪሴፕሽኗን ልጅ ዮዲትን ጠየቅኳት። ዮዲት «እሱ እኮ ዲኮር ነው፣ ጋሼ» አለች። ይህን አልተረጎምኩለትም።

ከዚያ እርስዎ ራስዎ ከቢሮ ወጡ። ሶርሳ ቅሉን በሁለት እጁ ዘረጋልዎ፣ እርስዎም በሁለት እጅዎ ተቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አሉት። በጣም ጨዋ ነበሩ፣ እመሰክራለሁ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረው ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ያሉኝን አንድም ሳላስቀር እነሆ። ከቱርሚ አራት መኪና ቱሪስት እየመጣ ነው አሉኝ። አንሶላው ነጭ ነው አሉኝ። መታወቂያ ይዟል ወይ አሉኝ። ካርዱ ላይ ወዳጅ ሲባል አብሮ ለሥራ የሚመጣ፣ «እንዳንተ ያለ ሰው» ማለት ነው አሉኝ። ካስቸገረ ደግሞ ጄኔሬተሩ ቤት ካርቶን ይነጠፍለታል፣ ዝናቡም አያገኘውም አሉኝ። የእኔ ክፍል ግን እንደተያዘ ነው፣ ምክንያቱም እኔ ወርቅ ነኝ። ይህን ሁሉ ሲሉ ቅሉ እቅፍዎ ውስጥ ነበር።

ሶርሳ የገበያ አማርኛ ያውቃል። ፍየል የሚሸጥ ሰው ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮው ይቆማል። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሩን ተቀብላለች አይደል አለኝ። አዎ አልኩት። ስጦታ ተቀብሎ በር የዘጋን ሰው ምን እንደሚሉት በቋንቋው ቃል ቢኖረው ይነግረኝ ነበር መሰለኝ። በርኮታውን አንስቶ ወጣ።

ተከትዬ ለመንኩት። መናኸሪያው ጋ ርካሽ አልጋ አለ አልኩት። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ለታካሚዎች ፍራሽ ተነጥፏል፣ የእናንተም ሰዎች እዚያ ናቸው አልኩት። እሱ ግን የማያውቁኝ ሰዎች አልጋ እንዲሰጡኝ አልመጣሁም፣ የመጣሁት ወዳጅህ ቤት ነው አለኝ። በእነሱ ዘንድ ከቤል ደጅ የተመለሰ ሰው በዚያ አገር አያድርም። ለዓይኑም ቢሆን አያድርም። በመጨረሻው የጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሄደ። ሐኪሞቹ በማግስቱ መቶ ምናምን ሰው ዓይን ከፈቱ ሲባል ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን ዕቃቸውን ጭነው ተመለሱ።

እኔስ? መስካሪ ነኝና እውነቱን ልናገር። ተመለስኩ። ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ ክፍሉም በስሜ ተይዟል፣ የካርዱ ዓመት ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ሌሊት ላይ ነበርኩ። አርባኛዋን አደርኩ። ጠዋት የወርቅ እንግዳ ቁርስ ቀረበልኝ፣ ዳቦ፣ እንቁላልና ማር። ማሩን በላሁት። ጣፋጭ ነበር፣ ሁለተኛ አስጨምሬያለሁ። ሒሳብ ልዘጋ ስወጣ ቅሉን ሪሴፕሽኑ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶበት አየሁት።

6ኛ. ቅሉን በተመለከተ ሦስት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ቅሉ የቦሼ ነው፤ ስጦታው ማሩ ነበር እንጂ ቅሉ አልነበረም፤ ማር የበላ ሰው ባዶውን ቅል ይመልሳል። ዮዲት በትሕትና ቅሉ በንብረት መዝገብ ገብቷል፣ ለማስወጣት የሥራ አስኪያጇ ፊርማ ያስፈልጋል አለችኝ። ፊርማዎን አልጠብቅም። ቢመለስም ይዤው የምሄድበት ፊት የለኝም።

በየካቲት የአልዱባ ወፍጮ ቆሞ ተጠራሁ። ጠግኜ ስጨርስ ወደ ሶርሳ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። ቀኙም ጨልሟል። ቦሼ እንደ ድሮው የቡና ገለባ አቀረበችልኝ፣ በቅል ሳይሆን በፕላስቲክ ኩባያ። ሐኪሞቹ በመስከረም ይመለሳሉ ተብሏል፣ ሞራ ነው፣ አሁንም ይገፈፋል፣ በጀርባዬ አዝዬም ቢሆን እወስድሃለሁ አልኩት። ከተማውን አይቼዋለሁ አለኝ። ቁጣ የለውም። ስለ ወፍጮው አልጠየቀኝም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን ለማንኛውም አላፊ ሰው በሚነገርበት ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

የት ታድራለህ አለኝ።

እንግዲህ እትዬ፣ ምስክርነቴ ይኸው ነው። ሾፌሮቹም መድኃኒት አከፋፋዮቹም ይስሙ። ካርዱ ያዋጣል። ሌላ ማደሪያ ለሌለው ሰው በጣም ያዋጣል። እኔ አሁን እንደዚያ ያለ ሰው ነኝ፤ በዚህ ዓመት ገና ሚያዝያ ሳያልቅ ሠላሳ አንድ ሌሊት ሞልቻለሁ፣ ማክሰኞዎቹም ሁሉ የእርስዎ ናቸው። ይህ ደብዳቤ ግድግዳዎ ላይ እንደማይሰቀል አውቃለሁ። መናኸሪያው በር ላይም ዝናብ ያወርደዋል። እኔም ማክሰኞ ማታ መጥቼ ያንን የካርቶን ጁስ እጠጣለሁ፣ ጄኔሬተሩ ካስነጠሰም እነሣለሁ።

ለቤትዎ ሞገስ፣ ለአንሶላዎ ንጣት፣ ለጄኔሬተርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ባሮክ ዳርጌ
ከወርቅ ያልወረደ፣ የአሥራ አራት ቁጥር ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለዮዲት፣ የታዘዘችውን ለሠራችው
ከሪሴፕሽኑ ጀርባ ለተሰቀለው፣ የማን ልጅ እንደሆነ ላልታወቀው ሰውዬ

ማስታወሻ፦ ከመልእክቱ ጋር የላኩልኝን ቅጽ ሞልቼ መልሻለሁ። ስለ ንጽሕና አሥር ሰጥቻለሁ፣ ስለ ቁርስም አሥር። የመጨረሻው ጥያቄ «ሆቴላችንን ለወዳጅዎ ይመክሩታል?» ይላል። እሱን ባዶ የተውኩት በክፋት እንዳይመስልዎ። ሳስበው ቆየሁ፣ የምመክረው ወዳጅ አጣሁ።